በዶቶሬው መኪና ወደ እናቴ አገር

እናቴ «ወንጌል የሸጠች» ተብላ ሞተች። አልሸጠችም። ይህን በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው ዛሬ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እኔም ዕድሜዬ እየሮጠ ስለሆነ፣ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ልናገር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ የመጀመሪያው በጋ ነበር። አገሩ ገና በየጎጡ አልተነሣም፤ ሰው እያጉረመረመ ገበያውን ይውላል፣ እርሻውን ያርሳል። እኔ ያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር፤ ጦርነቱ ሳይመጣ ነው ያረፈው። ሰዎች «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉት፣ «ከማይደግም ወንድ ትሻላለች» እያለ ከተማሪዎቹ ጋራ ፊደል አስቆጥሮ፣ ዳዊት አስደግሞኛል። ይህን የምነግራችሁ ልመካበት አይደለም። በዚያን ጊዜ ግን እመካበት ነበር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከጦርነቱ በፊት ጣሊያኖች ቤት አገልግሎ ቋንቋቸውን ስለለመደ፣ አሁን አስተርጓሚ ሆኗል። ቤታችን የሚበላው በእሱ ነው። ጎረቤቶቻችን ፊት ለፊት ምንም አይሉንም፤ ነገር ግን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ የጀመሩትን ወሬ ያቋርጣሉ።

አንድ ቀን፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ደምሴ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እማዬ፣ አገርሽን ልታዪ ነው» አላት።

«የቱን አገር?»

«ደምበጫ። አንድ ዶቶሬ ከሮማ መጥቷል፤ የተማረ ሰው ነው፣ ወታደር አይደለም። አራዊቱን፣ አዕዋፉን፣ የድሮ ዕቃውን እያየ ይዞራል። እኔን ይዞ ሊሄድ ነው። ዘመድ አለህ ወይ አለኝ፤ እናቴ የዚያ ሰው ናት አልኩት። እንግዲያውስ ቤተሰብህን ይዘህ ና፣ መኪናው ሰፊ ነው አለኝ።»

እናቴ ወንድሟን ካየች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ደምሴ ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ሊገድለው ሲል፣ ለአገሯ ለማርያም ጥላ ተስላ ነበር፤ ጥላው ተገዝቶ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ደግሞ መኪና ላይ ልወጣ መሆኔን ሳስብ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

«በጣሊያን መኪና ሄጄ ወንድሜ ደጅ ልወርድ?» አለች በመጨረሻ።

«በእግርሽ አትችይውም። በዚያ ላይ የፊታችን ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም ናት። ስለትሽን በክብረ በዓሏ ታገቢያለሽ።»

ስለቱ ነው ያሸነፋት። በማግስቱ በሶውን ስትበጠብጥ፣ ዳቦውን ስትደፋ፣ ቀሚሷን ስታጥብ ዋለች። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየኋት የመጨረሻው ቀን ያ ነው።

በጥር ዐሥራ ዘጠኝ ማለዳ ተነሣን። ዶቶሬው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ጠጉሩ ሽበት የጣለበት ሰው ነበር፤ እናቴን ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አላት። ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ሾፌሩ ከአሥመራ የመጣ የኛው ሰው ነበር። እኛ ሦስታችን ለጣሊያን ከተቀጠሩ ስምንት አስካሪ ወታደሮች ጋራ ከኋላ፣ ከድንኳኑና ከባዶ ሣጥኖቹ መካከል ተቀመጥን። የጨሞጋን ወንዝ ስንሻገር እናቴ ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን» አለች፤ እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ቀን በየወንዙና በየጫካው ስንቆም አለቀ። ዶቶሬው ወርዶ ይተኩሳል። የወደቀችውን ወፍ በትንሽ ቢላዋ ይገፍና ሆዷን በጥጥ ይሞላል፤ እግሯ ላይ ወረቀት አሥሮ ሣጥን ውስጥ ያጋድማታል። ከአንድ ዛፍ ላይ ጉሬዛ ጣለ። ነጭና ጥቁር ጠጉሩን በእጁ እየዳበሰ ለደምሴ ብዙ ነገር ነገረው።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«በአገራቸው አንድ ትልቅ ቤት አለ። ሙዜዮ ይሉታል። ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበ ነገር በመስታወት ውስጥ ይቀመጥበታል። ሰው እየገባ ያያል። ይህም እዚያ ይገባል።»

«ሞቶ?»

«ሞቶ።»

ከቀትር በኋላ አማኑኤል ከተማ ደረስን። ገበያ ነበር። ዶቶሬው ጠረጴዛ አስዘርግቶ፣ እንደ ጉጠት ያለ የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት አወጣና የሰዉን ራስ መለካት ጀመረ። አስካሪዎቹ ከገበያው ሰው ይጎትቱለታል፤ እሱ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን ለክቶ ይጽፋል። ሰዉ ላለመለካት ሲሸሽ ጊዜ ለደምሴ አንድ ነገር ነገረው። ደምሴ አቀርቅሮ መጣ።

«እማዬ፣ አንቺ ተለክተሽ ብታሳዪያቸው አይፈሩም ይላል።»

እናቴ ልጇን አየችው። ከዚያ ሻሿን ራሷ ፈታችና ተቀመጠች። ብረቱ በሁለት ወገን ራሷን ሲይዛት፣ ገበያው ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ዶቶሬው ቁጥር ጠራ፤ ጻፈ፤ ፈገግ እያለ «ግራስዬ» ብሎ አመሰገናት።

መኪናው ላይ ስንመለስ ሻሿን እያሠረች «ሰው የሚለካው ለመቃብር ነው» አለች። ደምሴ እስከ ማታ ቀና ብሎ አላያትም።

በሁለተኛው ቀን ደምበጫን አልፈን ወደ እናቴ መንደር አመራን። መኪናው እስከ ወንዙ ድረስ ብቻ ስለሚሄድ ዶቶሬው ድንኳኑን እዚያው አስተከለ፤ እኛ ዳገቱን በእግር ወጣን። የእናቴ ታላቅ ወንድም ቄሰ ገበዝ ፈንቴ ነው የሚባለው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ሁሉ በእሱ ጥበቃ ነው። እናቴን አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔን ግንባሬን ሳመኝ። ለደምሴ መስቀሉን ዘረጋለት እንጂ አላቀፈውም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከጎተራው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ እኔ ከበስተኋላቸው እንጨት እሰበስብ ነበር። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ የአባታችን ወንጌልስ?»

አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ ዐሥራ ሁለት ሥዕል አሥለው ለማርያም የሰጡት ወንጌል ነበር። የመንደሩ ሰው በክብረ በዓል ቀን ብቻ ነው የሚሳለመው። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ተሳልሜዋለሁ።

«ለሰው ሁሉ ተቃጠለ ብለናል» አላት። «ግን በደኅና ቦታ ነው።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ቦታውን ነገራት። ቦታውን እኔ አልሰማሁም። «በደኅና ቦታ ነው» ያለውን ግን ሰማሁ።

አሁን ብዕሬ የሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ።

በማግስቱ፣ በማርያም ቀን ማለዳ፣ እናቴ «ጥላውን መኪና ላይ ረስተነዋል፣ ከወንድምሽ ጋራ ሂደሽ አምጪ» አለችኝ። ወረድን። ዶቶሬው ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ፊቱን ይታጠባል፤ ሾፌሩ ሞተሩን ይወለውላል። ጥላውን ይዤ ልመለስ ስል ዶቶሬው ጠራኝ። ደምሴ ማንበብ እንደምችል ነግሮት ኖሯል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣና ፎቶግራፎቹን ያሳየኝ ጀመር። የዚያ የሙዜዮ ሥዕል ነው፦ ረጅም አዳራሽ፣ መስታወት፣ በመስታወቱ ውስጥ የተከፈቱ ብራናዎች።

«ይህን ማንበብ ትችያለሽ?» አለኝ በደምሴ በኩል። ግእዝ ነበር። አንድ መስመር አነበብኩለት። እጁን አጨበጨበ። እንዲያ ሲያደንቀኝ ሰውነቴ ሞቀ። ከአባቴ በቀር እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አልኩ። «የአያቴ ወንጌል ይበልጣል። ሥዕሉ ብቻ ዐሥራ ሁለት ነው።»

ደምሴ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ እኔ ግን ወደ ዶቶሬው ነበር የማየው። ዶቶሬው ራሱን ነቀነቀ።

«አይ፣ ትሳሳቻለሽ። እዚህ ምንም እንደሌለ፣ ሁሉም እንደተቃጠለ ደምበጫ ላይ ነግረውኛል። ልጆች ያላዩትን አየን ይላሉ።»

ውሸታም ያለኝ መሰለኝ።

«አልተቃጠለም!» አልኩ። «ትናንት አጎቴ በደኅና ቦታ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ደምሴ ዝም አለ። ሳይተረጉመው ቆመ። ሌላ ነገር ብሎ ሊያልፈው ነበር። ነገር ግን ሾፌሩ መወልወሉን ትቶ ቀና ብሏል፤ ሾፌሩ አማርኛውንም ጣልያንኛውንም ያውቃል። ደምሴ ሾፌሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተረጎመው። ዶቶሬው መጽሐፉን ቀስ ብሎ ከደነ።

ዳገቱን ስንመለስ ደምሴ አንድ ቃል ብቻ ተናገረኝ፤ «ምነው ዲዳ ባደረገሽ።»

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ፣ ሕዝቡ በዛፎቹ ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ ዶቶሬው ከስምንቱ አስካሪዎችና ከሾፌሩ ጋራ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ደምሴም እንደ በድን ቆሞ ይተረጉማል።

«ወንጌሉን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ተቃጥሏል፣ ጌታዬ» አለ አጎቴ።

«በደኅና ቦታ እንዳለ አውቃለሁ።»

«የነገረዎት ሰው ዋሽቷል።»

ዶቶሬው ለአስካሪዎቹ አለቃ አንድ ነገር ነገረና ፊቱን አዞረ። ደም ማየት አይወድም መሰለኝ። አጎቴን ሻሹን ገፍፈው ከዝግባው ጋራ አሠሩት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲያርፍበት ሴቶቹ እሪ አሉ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አጎቴ «እግዚኦ» ከማለት በቀር አልተነፈሰም።

ያን ጊዜ ዶቶሬው በደምሴ በኩል እንዲህ አለ፦ «ለምን ትደክማለህ? የነገረኝ ባዳ አይደለም። ከገዛ ቤትህ ሰው ነው።»

አጎቴ ራሱን ቀና አደረገ። «ማን?»

ዶቶሬው በዓይኑ ይፈልገኝ ጀመር። ጥላው በእጄ ነበር፤ ከእናቴ ኋላ ተሸሸግሁ። እናቴ ዘወር ብላ ፊቴን አየችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ነገሩን ማወቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች። «ፍቱት። ቦታውንም አውቀዋለሁ።»

ደምሴ ሊተረጉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ሾፌሩ ነው የተረጎመው።

«የሺመቤት!» አለ አጎቴ። እህቱን በስሟ ሲጠራት ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሌላ ጊዜ «እህት ዓለም» ነበር የሚላት። «ጅራፉ ያልቃል። ይሄ አያልቅም።»

«አንተ ትሞታለህ፣ ጋሼ።»

ሁልጊዜ «እርስዎ» የምትለውን ወንድሟን ያን ዕለት «አንተ» አለችው።

«ልሙታ!»

ሄደች። አስካሪዎቹ ተከተሏት። ከወላጆቿ ጎተራ ሥር ያለውን ድንጋይ በገዛ እጇ አነሣች፤ በቆዳ የተጠቀለለውን ወንጌል በራሷ ተሸክማ፣ በሕዝቡ መካከል፣ ወደ ዶቶሬው አመጣችው። ከመስጠቷ በፊት ተሳለመችው። ዶቶሬው «ቆይ» አለና መጽሐፉን እንዳቀፈች ፎቶግራፍ አነሣት። አንዲት አሮጊት መሬት ቧጥጣ አፈሩን ወደ እናቴ በተነችው። ሌሎቹም ቀጠሉ። እናቴ ከአፈሩ ፊቷን አልከለለችም።

እኔስ? ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ዳዊት የደገመ አንደበቴ ያንን ሁለት ቃል ማውጣት አቃተው።

ጥላውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስደግፌ ሄድሁ። በኋላ እንደሰማነው፣ ካህናቱ ወደ ውጭ ወርውረውታል።

በመልስ ጉዞ ወንጌሉ ከወፎቹ ሣጥን አጠገብ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። መኪናው ሲያንገጫግጨው እናቴ እጇን ሣጥኑ ላይ ታደርጋለች፣ እንዳይጎዳ ትደግፈዋለች። ደምሴ አማኑኤል ስንደርስ ወርዶ ከመኪናው ጀርባ አስታወከ። ክረምቱ ሳይወጣ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ወደቀ። ሬሳውን አላገኘነውም። ግማሹ ሰው አርበኛ ይለዋል፣ ግማሹ ባንዳ። ለእኔ፣ ያን ዕለት ማለዳ ከመተርጎሙ በፊት ዝም ያለው ወንድሜ ነው።

እናቴን አንድ ጊዜ ብቻ ስለዚህ ነገር አናግሬያታለሁ። ጣሊያን ወጥቶ፣ ሰው ወደ ሰላሙ ሲመለስ፣ «ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው» አልኳት። ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ተይው» አለች። «አንቺ ገና ባል ታገቢያለሽ። የወንጌል ሻጭ ልጅ መሆን፣ ወንጌል ሻጭ ከመሆን ይሻላል።»

ተውኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ተይው» ስላለችኝ ደስ አለኝ። አገባሁ፤ ወለድኩ። እሷ ከዚያ የማርያም ቀን ወዲህ የወንድሟን ደጅ ዳግመኛ ሳትረግጥ ዐሥር ዓመት አለፈ። የወንድሟ ልጆች ሲዳሩ አልተጠራችም። የመንደሯ ሰው ለገበያ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ፣ አይታ ልታስቆመው ስትሮጥ፣ እንዳላየ ሆኖ መንገድ ይቀይርባታል።

ይህን የምታነቡ ልጆቼ ስለ ወንጌሉ ትጠይቁኝ ይሆናል። የት እንዳለ አላውቅም። የተማሩ የልጅ ልጆቼ በውጭ አገር እንደዚያ ያለ ሙዜዮ ገብተው፣ ከመስታወቱ በታች «ከጎጃም የተገኘ» የሚል ጽሑፍ አንብበዋል። የእኛው ይሁን አይሁን አላወቁም። «ተገኘ» የሚለው ቃል ግን አሳቀኝ። ከጎተራ ሥር የተገኘ፣ ከዝግባ ላይ ከታሠረ ሰው ጀርባ የተገኘ ብሎ የሚጽፍ የለም። ያም ሆኖ ሌባውን ብቻ እንዳልረግም ያደረገኝ ነገር አለ። ዶቶሬው መጽሐፉን ወሰደ፤ የእናቴን ስም የወሰድኩባት እኔ ነኝ። የሱን መመለስ በእጄ አልነበረም። የኔን መመለስ በእጄ ነበር።

እናቴ በሞተች በዐሥራ አምስት ቀኗ፣ በበቅሎ አገሯ ደረስኩ። አጎቴ በሕይወት ነበር፤ ዓይኑ ፈዟል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ማንነቴን ነግሬው እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ያን ጊዜ የተናገረችው እናቴ አይደለችም» አልኩት። «እኔ ነኝ። እርስዎ በደኅና ቦታ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ልታይ ብዬ ተናገርኩ። እሷ ቦታውን ያሳየችው እርስዎ እንዳይሞቱ ነው። ራሷን የከሰሰችው ለእኔ ብላ ነው።»

ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግመኝ ደስ ባለኝ።

«መቼ ሞተች?» አለኝ።

«ዛሬ ዐሥራ አምስት ቀኗ ነው።»

በእጁ መሬቱን ዳበሰ፤ በትሩን የሚፈልግ መስሎኝ አቀበልኩት፣ አልተቀበለኝም።

«ከዐሥራ ስድስት ቀን በፊት ብትመጪ፣ ዓይኔ ባያይም በበቅሎ እመጣላት ነበር» አለ።

በማግስቱ ካህናቱን ሰብስቦ እውነቱን ነገራቸውና ፍትሐት አስደረገላት። ሕዝቡ ሁሉ መጣ፤ አፈር የበተኑትም ሳይቀሩ እያለቀሱ «እኛ ምን እናውቃለን፣ ምን እናውቃለን» አሉኝ። ካህኑ በተወለደችበት መንደር ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ «ነፍሰ ወለተ ማርያም» ብሎ የክርስትና ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራው። ዐሥር ዓመት ሙሉ በዚያ መንደር በመልካም ያልተነሣ ስም ነበር። ሁላችንም ሰማነው። መስማት ያለባት እሷ ግን አልነበረችም።